የእትዬ ጡጦ ድምር

ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ በሆስፒታሉ ግን ያንን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ለሐኪሞቹም፣ ለነርሶቹም፣ በር ላይ ለሚቆመው ጥበቃም፣ ልጃቸውን ታቅፈው ለሚወጡት እናቶችም እትዬ ጡጦ ናት። ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ። መጀመሪያ ሰሞን ትቆጣ ነበር ይባላል፤ ኋላ ግን የክፍሉን ስልክ ስታነሳ እንኳ "አቤት፣ ጡጦ ነኝ" ማለት ጀመረች።

የምትሠራው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ጎን ባለችው የወተት ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ለመግባት አንዱ መውጣት ያለበት ዓይነት ጠባብ ክፍል ናት። በግራ በኩል ጡጦ የሚቀቀልበት ማሽን፣ በቀኝ ፍሪጅ፣ መሀል ላይ ፊት የሚያሳይ የብረት ጠረጴዛ፣ ከሱ በላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ አለ። እዚያ ውስጥ እትዬ ጡጦ ወፍራም ሰውነቷን ይዛ ስትዞር ክርኗ አንድም ነገር አይነካም። እቃው ራሱ መንገድ የሚለቅላት ነው የሚመስለው።

ወደዚህ ክፍል መጀመሪያ የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥራ ወለሉን ስትወለውል፣ በጊዜው ወተት የምታዘጋጀው ሴትዮ ከቁጥር ጋር ስትታገል ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ "ሃያ ሰባት ስምንት ጊዜ ስንት ነው?" እያለች ለራሷ ስታጉረመርም፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ከወለሉ ቀና ሳትል "ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት" አለቻት። ሴትዮዋ በወረቀት አባዝታ አየችው። በማግስቱም ጠየቀቻት፤ በሦስተኛውም ቀን። በዓመቱ ሴትዮዋ ጡረታ ስትወጣ መጥረጊያው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ነጩ ሽርጥ ለእሷ መጣላት።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ሕፃን በክብደቱ ልክ የቀኑን ወተት ያዛል። ሕፃናቱ በየሦስት ሰዓቱ ስለሚጠጡ የቀኑ ለስምንት ይካፈላል። የእናታቸው ወተት ገና ላልወረደላቸው ልጆች፣ እሷ ጠዋት በአንድ ትልቅ ጆግ የሁሉንም ትበጠብጣለች፤ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ትንንሽ ጡጦ ትሞላለች፤ የአልጋ ቁጥር ለጥፋ ፍሪጅ ታስገባለች። የተረፈው ይደፋል፤ ማሳደር ክልክል ነው። ያነሰ እንደሆነ ደግሞ እንደገና መበጥበጥና "ተጨማሪ የተዘጋጀ" በሚለው መዝገብ ላይ ጽፎ መፈረም ነው።

ስሌቱን በእርሳስ፣ ባለ ካሬ መስመር ደብተር ላይ ትሠራው ነበር። ለአንድ ልጅ ሃያ አራት ሚሊ ከምናምን ከመጣላት፣ ምናምኑ ከግማሽ ካለፈ ወደ ሃያ አምስት ትወስደዋለች፤ ከግማሽ ካነሰ ትተወዋለች። "ስሪንጁ ምናምን አያውቅም" ትላለች፤ ነርሶቹ ወተቱን ለክተው ለልጆቹ የሚሰጡት በሱ ነው። ከዚያ በስምንት ታባዛለች፤ ከዚያ ትደምራለች። ይህን ቅደም ተከተል ማንም አላስተማራትም። ከጡጦና ከስሪንጅ ጋር ስትኖር የመጣላት ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሆስፒታሉ አንዲት የምግብ ባለሙያ ቀጠረ። ቀጭን ናት፤ ስትራመድ የምትሮጥ ይመስላል፤ ላፕቶፗን እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ ታቅፋ ነው የምትዞረው። በዚያን ጊዜ አልጋው ከስምንት ወደ ሃያ ከፍ ብሎ ነበርና እትዬ ጡጦ ጠዋት ጠዋት ደብተሯ ላይ ተደፍታ አንድ ሰዓት ተኩል ትፈጃለች። ባለሙያዋ ይህን አይታ አዘነች። ይህ ሁሉ በእጅ መሠራት እንደሌለበት ነገረቻት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም በኮምፒውተር ሠንጠረዥ አዘጋጀችላት። ጠዋት የየልጁን ክብደት ማስገባት ብቻ ነው፤ ሠንጠረዡ ያባዛል፣ ያካፍላል፣ ይደምራል፤ የታተመው ወረቀት የወተት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

እትዬ ጡጦ መጀመሪያ ፈራችው። ከዚያ ወደደችው። ያ ሁሉ ስሌት አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ማለቁ ገረማት። ደብተሯን በፕላስቲክ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ለባለሙያዋም ትንሽ ትንሽ ፍቅር ጀመራት፤ "ያቺ ቀጭኗ ልጄ" ትላት ጀመር።

ችግሩ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። አንድ ጠዋት ጡጦዎቹን ሞልታ ስትጨርስ ጆጉ ውስጥ ስምንት ሚሊ ቀረ። ደፋችው። በሌላው ቀን ምንም አልቀረም። በሦስተኛው ቀን ግን የመጨረሻዋ ጡጦ ሳትሞላ ጆጉ አለቀ። ዐሥር ሚሊ ጎደለ። እንደገና በጠበጠች፣ ሞላች፣ መዝገቡ ላይ ፈረመች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወረት ያዘው፤ አንድ ቀን ይተርፋል፣ አንድ ቀን ያጥራል፣ አንድ ቀን ዐሥራ ስድስት ሚሊ ድረስ ያጥራል።

የምትሞላው በአልጋ ቁጥር ተራ ስለሆነ፣ ባጠረ ቁጥር የሚያጥረው የመጨረሻዋ ልጅ ላይ ነው። እሷም መስኮት ሥር የተኛች፣ ከሁሉም ያነሰች፣ ገና አንድ ኪሎ ያልሞላች ሴት ልጅ ነበረች። እናትየዋ ዝምተኛ ነች፤ ቀኑን ሙሉ በመስታወት ሣጥኑ ቀዳዳ እጇን አስገብታ የልጇን ተረከዝ ይዛ ትቀመጣለች። ልጅቷ አንድም ቀን ሳትጠጣ አላደረችም፤ እትዬ ጡጦ እያለች እንዴት ይሆናል። ግን በየጊዜው "የመስኮቷ ልጅ ትንሽ ትጠብቅ" ማለት አንጀቷን ይበላት ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያዋ መዝገቡን ገለጠችው። ተጨማሪ የተዘጋጀ ዘጠኝ ጊዜ ተፈርሟል። ወደ ወተት ክፍሉ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምናልባት ሲቀዱ እየፈሰሰ ይሆን ወይም ጆጉ ላይ እየተጣበቀ ይቀር እንደሆነ ጠየቀቻት። ዕድሜም እኮ አለ፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ምንም ነውር የለውም አለቻት።

አነጋገሯ ለስላሳ ነበር፤ ያረፈበት ቦታ ግን አመመ። እትዬ ጡጦ "እሺ ልጄ፣ አያለሁ" ብቻ አለች።

ቤቷ ስትገባ ባሏ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ያሳጥር ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁን ከዘጋ ቆይቷል፣ ሠፈርተኛው ግን ቤቱ ድረስ እያመጣ ያሠራዋል። ቦርሳዋን ስታስቀምጥ አይቷት መርገጫውን አቆመ።

"ማን ነካሽ?"

ማንም አልነካኝም አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ሲያበቃ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"አንቺ ነሽ የምትደፊው? ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬሽ ስኖር ሻይ ቀድተሽ ከብርጭቆው ውጪ ጠብታ አይቼ አላውቅም። በዚህ ቤት ደፊው እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ይመስክር።"

ሳቀች፤ ግን ነገሩ ከነከናት። ሰው ሲያምንህ ደስ ይላል፤ እሷ ግን የፈለገችው ልክነቷን በዓይኗ ማየት ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ሰዓት ቀድማ ገባች። ጆጉ ውስጥ ልክ አምስት መቶ ሚሊ ውሃ ለካች። ወተት እንደምትቀዳ አድርጋ ወደ ጡጦዎቹ ቀዳችው፤ ከጡጦዎቹ ደግሞ ወደ ጆጉ መለሰችው። አራት መቶ ዘጠና ስምንት። ወረቀት ላይ ጻፈች። ደገመችው፤ አራት መቶ ዘጠና ስምንት። አምስት ጊዜ አደረገችው፤ አምስቱንም ጊዜ ከሁለት ሚሊ በላይ አልጠፋም። እጇ ነጻ ወጣ። ታዲያ ያንን ሁሉ ወተት ማን ወሰደው? ወረቀቱን አጥፋ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

መልሱ የመጣው ክፍሉ ጭር ባለበት ሳምንት ነው። ብዙዎቹ ሕፃናት ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ የእናታቸውን ወተት ይዘዋል። በዚያን ቀን ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የነበሩት ሦስት አልጋዎች ብቻ ናቸው። ለአንድ ጊዜ የሚጠጡት እንዲህ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ልጅ ሃያ አምስት፣ ሁለተኛው ሃያ አንድ፣ የመስኮቷ ልጅ ዐሥራ ዘጠኝ። ከሥር ድምር ይላል፤ ስልሳ አራት።

ዐሥራ ሁለት ልጅ ሲደረደር ማንም ቆሞ አይደምርም፤ ማሽን ደምሮት የለ። ሦስት ሲሆን ግን ዓይን ሳያስበው ይደምራል። እትዬ ጡጦ ዱቄቱን ልትመዝን እንደቆመች ማንኪያዋ በእጇ ቀረ። ሃያ አምስትና ሃያ አንድ አርባ ስድስት። ዐሥራ ዘጠኝ ሲጨመር ስልሳ አምስት። በጣቷ ቆጠረች። መሳቢያውን ከፍታ ደብተሯን ከፕላስቲኩ አወጣች፤ በእርሳስ ጻፈችው። ስልሳ አምስት ነው።

ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅላ፣ ደብተሯንም ይዛ፣ ኮሪደሩን ተሻግራ የባለሙያዋን ክፍል አንኳኳች።

"ልጄ፣ እስቲ እነዚህን ሦስቱን ደምሪልኝ።"

ባለሙያዋ ወረቀቱን ተቀብላ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። "ስልሳ አምስት።"

"ከሥር የተጻፈውን አንብቢው።"

አነበበችው። በስልኳ ደመረችው፤ እንደገና ደመረችው። ከዚያ ፊቷ ተለዋውጦ ላፕቶፗን ከፈተች፤ ሠንጠረዡ ላይ ሃያ አምስት የሚለውን ሣጥን ስትነካው ከላይ ያለው መስመር ላይ ረዘም ያለ ቁጥር ብቅ አለ። ሃያ አራት ነጥብ ስድስት። ሃያ አንዱን ነካች፤ ሃያ ነጥብ ስድስት ሁለት አምስት። ዐሥራ ዘጠኙ ዐሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት ነው።

ያኔ ነው የገባት። ሠንጠረዡን ስታዘጋጅ ነርሶቹ እንዳይደናገሩ ብላ ቁጥሮቹ ያለ ነጥብ እንዲታዩ አድርጋ ነበር። ሠንጠረዡም የታዘዘውን ፈጸመ፤ ለሰው ሲያሳይ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ጭራ ይደብቃል፣ ሲያባዛና ሲደምር ግን ጭራውን ሁሉ ይዞ ነው። የሦስቱ እውነተኛ ድምር ስልሳ ሦስት ነጥብ ስምንት ምናምን ነው፤ እሱንም ሲያሳይ ስልሳ አራት ይለዋል። ይህን ሁሉ ለእትዬ ጡጦ ቀስ ብላ አስረዳቻት።

"እንግዲህ ለእኔ አንድ ቁጥር ይነግረኛል፣ ለራሱ ሌላ ይቆጥራል ማለት ነው" አለች እትዬ ጡጦ።

"አልዋሸም እኮ እትዬ።"

"ዋሸ አላልኩም። እኔ የማየውን አልደመረም ነው የምለው።"

ስምንት ጊዜ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። እሷ በወረቀቱ መሠረት የምትሞላው በስምንት ሲባዛ አምስት መቶ ሃያ ሚሊ ነው፤ ሠንጠረዡ በጥብጪ ያላት አምስት መቶ ዐሥራ አንድ። ዘጠኝ ሚሊ ይጎድላል፤ ያ ደግሞ ለመስኮቷ ልጅ የአንድ ጊዜ ምግቧ ግማሽ ነው። ጭራዎቹ ከግማሽ በታች በሆኑባቸው ቀናት በተቃራኒው ይተርፋል። የሦስት ሳምንቱ ወረት ሁሉ ይኸው ነው።

ባለሙያዋ ቶሎ ብላ ማስተካከያ ጻፈች፤ ድምሩን አጠጋጋችው። ስልሳ አራት አለ። ሁለቱም አዩት። እትዬ ጡጦ በሆዷ ሳቀች፤ ጫፉን አስተካክለሽ ሥሩን ተውሽው አለቻት። ባለሙያዋ ግን ሌላ ነገር አሰበች፤ የሐኪሙ ትዕዛዝ እኮ ትክክለኛው ባለ ነጥቡ ነው፤ ስልሳ አምስት ካልን ከታዘዘው በላይ እየሰጠን አይደለም ወይ ስትል ተከራከረች። ይህ ከንቱ ክርክር አልነበረም፤ እትዬ ጡጦም አላቃለለችውም። ሦስተኛ ሰው ይፍረደን ብለው በኮሪደሩ የምታልፈውን የክፍሉን ዋና ነርስ ጠሩ። ዋና ነርሷ ለቀልድ ጊዜ የሌላት ሴት ናት። ባለሙያዋ ከመሳቢያዋ ትልቁን ስሪንጅ አውጥታ ሰጥታት ሃያ አራት ነጥብ ስድስት እንድትሞላ ለመነቻት።

ዋና ነርሷ ስሪንጁን ብርሃን ላይ ይዛ አየችው። "የቱ ጋ ነው ነጥብ ስድስቱ? እኔ ሃያ አምስት ነው የምሞላው፤ ሁሌም የምሞላው እሱን ነው" ብላ ስሪንጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

እትዬ ጡጦ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አነሳች። "አየሽ ልጄ፤ ሐኪሙ ያዘዘው አንድ ነገር ነው፣ ስሪንጁ የሚችለው ሌላ ነው። እኛ መደመር ያለብን ሕፃኑ የሚጠጣውን ቁጥር ነው።"

ባለሙያዋ በየልጁ መስመር ገብታ ማጠጋጋቱን እዚያው ውስጥ ጻፈችው፤ መጀመሪያ የእያንዳንዱ ልጅ ይጠጋጋል፣ ከዚያ በስምንት ይባዛል፣ ከዚያ ይደመራል። ስልሳ አምስት። ለቀኑ አምስት መቶ ሃያ።

በዚህ መሀል ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ደብተር አየችው። ገጽ ገለጠች፤ ሌላም ገለጠች። የዓመታት እርሳስ ነው፤ በየመስመሩ አስቀድሞ የተጠጋጋ፣ ቀጥሎ በስምንት የተባዛ፣ ከሥር የተደመረ።

"እኔ እኮ ይሄን ሳላነብ ነው የሠራሁት" አለች።

"ጽሑፌ አይነበብም፤ አልፈርድብሽም።"

"እትዬ፣ ያን ቀን ስለ እጅዎ የተናገርኩት..."

እትዬ ጡጦ እንድትጨርሰው አልጠበቀችም። ከሽርጧ ኪስ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። አምስት መስመር፤ አምስት ጊዜ አራት መቶ ዘጠና ስምንት። ባለሙያዋ ምን እንደሆነ ሲገባት ዓይኗ እንባ አቀረረ። እትዬ ጡጦ ደነገጠች፤ ይህን ብላ አልነበረም ያሳየቻት። ውሃው በከንቱ እንዳልፈሰሰ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን አበባ እንዳጠጣችበት ልትነግራት ጀመረች፤ ባለሙያዋም በእንባዋ መሀል ሳቀች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ጆጉ ላይ ለሚቀረው ሁለት ሚሊ ሲባል በቀኑ ድምር ላይ አምስት ሚሊ የሚጨምር መስመር አስገባች። "ለጆጉ" ብላ ጻፈችበት። ነርሶቹ ይህን ሲያዩ ለጆጉም ድርሻ ተቆረጠለት እያሉ ሰነበቱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወተት አላጠረም። እትዬ ጡጦ ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። አንድ ኪሎ ላልሞሉት ልጆች ሙሉ ሚሊ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእነሱ የሚያገለግለው ትንሹ ስሪንጅ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ያሳያል። ታዲያ የእነሱ ለምን ወደ ግማሽ አይጠጋጋም አለች። ሐኪሙ ተጠየቀ፤ ተስማማ። ለእነዚያ ልጆች ሌላ ቀመር ተጻፈ፤ በዚህ ጊዜ የጻፈችው ግን እትዬ ጡጦ ራሷ ናት። ባለሙያዋ አጠገቧ ቆማ ስትነግራት፣ እሷ በአንድ ጣት፣ እያንዳንዱን ፊደል ከመጫኗ በፊት እየፈለገች፣ አፏን ከፍታ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ሲሳካላት ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች፤ ማን እንዳየላት ለማወቅ።

ባሏ ይህን ሲሰማ አልገረመውም። እሱም ለዐሥር ሰው ሱሪ ሲሰፋ ጨርቁን የሚገዛው የእያንዳንዱን ልክ ከነእጥፋቱ አስልቶ ከደመረ በኋላ እንደሆነ፣ ይህን ደግሞ ገና ለማጅ እያለ ሁለት ሱሪ አጭር ሆኖበት እንደተማረ አጫወታት። የማን ሱሪዎች እንደነበሩ ስትጠይቀው ግን የስፌት መኪናውን አስነሳ።

የመስኮቷ ልጅ ከሁለት ወር በላይ ቆየች። ሁለት ኪሎ ስትሞላ ሐኪሙ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ፈቀደ። የእናትየዋም ወተት እስከዚያ ወርዶ ነበር። ዝምተኛዋ እናት ልጇን ጠቅልላ፣ ከመውጣቷ በፊት የወተት ክፍሏ በር ላይ ቆመች። ሌላ ሰው ቢሆን ምስጋና ይደረድር ነበር፤ እሷ ግን ፈርታ ነበር የመጣችው። ቤት ስትገባ ለልጅቷ ስንት ስንት ሚሊ ልታጠባት እንደሚገባ፣ ጡት ላይ መስመር ስለሌለ በምን እንደምታውቀው ጠየቀቻት።

እትዬ ጡጦ እጇን በሽርጧ ጠረገች። የልጅቷን ጉንጭ በጣቷ ጀርባ ዳሰሰች።

"ከእንግዲህ አትለኪያትም። ስትርባት ታለቅሳለች፣ ስትጠግብ ትተዋለች። ልኩን የምታውቀው እሷ ናት።"

እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። እትዬ ጡጦ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ ጥበቃው በሩን ከፍቶላቸው ሲወጡ ቆማ አየች። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ተመለሰች፤ የዐሥራ አንድ ልጆች ጡጦ ገና አልተሞላም ነበር።